በአመድ የወጣው ስም

ላሊበላ ውስጥ ጸጉሩን ከፋለ ያልቆረጠው ወንድ ካለ ወይ መነኩሴ ነው ወይ ራሰ በራ። ጸጉር ቤቱ ከቅዳሜ ገበያው ወደ ላይ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ በባጃጅ ማቆሚያውና በአንዲት የጧፍ መሸጫ መካከል የተሸጎጠች አንድ ክፍል ናት። አንድ የሚሽከረከር ወንበር፣ ለተራ ጠባቂ አንድ አግዳሚ፣ ግድግዳውን ሙሉ የያዘ አንድ መስታወት። መብራት ሲኖር በቶንዶስ፣ ሲጠፋ በመቀስ። ይኸው ነው።

ዛሬ ያንን ዳገት የሚወጣ ሰው በሯ ጋ ሲደርስ እርምጃውን ያፈጥናል። አንዳንዱም ያማትባል። ይህን የምጽፈው የሚወራው ስለሰለቸኝ ነው። ወሬው እንደ በጋ አቧራ ነው፣ በየጓዳው ይገባል፤ እውነቱ ግን አጭርና የሚያሳዝን ነው።

ከፋለ የቄስ ልጅ ነው። እሱ ገና ጡት ሳይጥል አባቱ ሞቱ፣ እናቱ እትዬ ጽጌማርያም ደግሞ የአባቱን ፈለግ ይከተል ብለው መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ዘንድ ዜማ እንዲማር ሰጡት። ልጁ ትምህርት ይዞ የሚያስቀር ነበር። ብቻውን ሲያዜም የሰማው ሁሉ ያደንቀዋል። ሰው ፊት ቁም ሲባል ግን ድምፁ ይጠፋል። አንድ ቀን በቅኔ ማኅሌት፣ ካህናቱ ሁሉ ቆመው፣ ተራው ደርሶ አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። እንደገና ከፈተ፤ ምንም። ጓደኞቹ ሲስቁበት ላቡ ከግንባሩ እየወረደ ወጥቶ ሄደ፣ አልተመለሰም። ጸጉር ቆራጭ የሆነውም ለዚህ ይመስለኛል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ፊቱን ወደ መስታወቱ አዙሮ ስለሚቀመጥ ቆራጩን ፊት ለፊት አያየውም። ጸጉር ቆራጭ ሁሉ ወሬኛ በሆነበት አገር ከፋለ «ጎኑን ላሳጥረው?» ከማለት ሌላ ቃል አይወጣውም ነበር።

የመጀመሪያዋን ብልሃት ያገኛት ቱሪስት እንደ ልብ በሚመጣበት ዘመን፣ ጺሙን ሊላጭ ከገባ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው። ሰውየው ሲነሣ የአንድ ብር ሳንቲም ከከፋለ ጆሮ ጀርባ መዝዞ አወጣና ሳቀ። ከፋለ አልሳቀም። «ድገመው» አለው በእጁ። ሰውየው ደገመው። ሦስተኛ ሲደግመው ከፋለ ፊቱን ትቶ አውራ ጣቱን አየ፣ ገባው።

ከዚያ በኋላ ቱሪስቱ ቀረ። መጀመሪያ በሽታው፣ ከዚያ ጦርነቱ፣ ከዚያ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት። ሥራ በቀዘቀዘባቸው በእነዚያ ዓመታት ከፋለ ስልኩን ከቅባት ጠርሙስ ጋር አስደግፎ፣ እዚያው መስታወቱ ፊት ቆሞ ይማር ነበር። ሳንቲሙን በጣቶቹ ላይ ማንከባለል፣ ካርታ መሰወር፣ ገመድ ቆርጦ መልሶ መቀጠል። አራት ዓመት። እጁ እንደ ውኃ ሆነ።

ችግሩ አንድ ነው፤ ማንም አልተገረመም። የባጃጁ ሾፌር ደባሱ ጸጉሩን ጨርሶ ሲነሣ ከፋለ ሳንቲም ከጆሮው ያወጣለትና «ወጣ» ይለዋል፣ ልክ «ጨረስኩ» እንደሚል ሰው። ደባሱም «እና?» ይላል። እውነት ለመናገር እኔም እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አይቼዋለሁ፤ ያዛጋሁ ይመስለኛል። ሰው የሚገርመው በጣት ብቻ አይደለም። ከፋለ ይህን ሲያውቅ አራት ዓመት ሙሉ የደከመበት ነገር ከቅኔ ማኅሌቱ ጋር አንድ ሆነበት፤ ያውቀዋል፣ ግን ሰው ፊት ሲቆም ይሞትበታል።

እህቱ እየሩስ ያገባችው ፍላቂት ከተማ ነው። ሰባት ዓመት በትዳር ስትኖር ልጅ አላገኘችም፣ እሱም ሐዘኗን ለማስረሳት በየወሩ አንዴ ይሄድላታል። ከእነዚያ ጉዞዎች በአንዱ የገበያ ቀን ሀሰንን አየው። ሀሰን ከደሴ ከተማ በኩል የሚመጣ የአይጥ መድኃኒት ሻጭ ነው። በድምፅ ማጉያ ነው የሚሸጠው፣ ሕዝቡ ግን እንደ ስብከት ከቦ ይሰማዋል።

«ገብስህን በላው! ጤፍህን በላው! የልጅህን ደብተር በላው! ቀጥሎ ማንን ሊበላ ነው?»

ከዚያ ዝም ይላል። ድምፅ ማጉያውን ዝቅ አድርጎ አንዲት ሴትዮ ላይ ብቻ ያፈጥጣል። ሴትዮዋ ነጠላዋን ትሰበስባለች። ገበያው ይንጠለጠላል። ያን ጊዜ ብቻ ነው እጁን ወደ ኪሱ የሚሰደው።

ከፋለ ገበያው እስኪበተን ቆሞ ጠበቀው። ቀርቦ፣ ምንም ሳይናገር፣ ሳንቲሙን ከጆሮው አወጣለት። ሀሰን ሳንቲሙን አየ፣ ከፋለን አየ፣ ከት ብሎ ሳቀ።

«ወላሂ እጅህ ከእኔ አፍ ይበልጣል! ግን አንተ ወንድሜ፣ እጅህን ብቻውን ገበያ ትልከዋለህ። እኔ መድኃኒቱን ሳላወጣ ስንት ደቂቃ ስለ አይጥ አወራለሁ? ሰውየው አይጡ ከጣራው ላይ ሲሮጥ እስኪሰማው ድረስ። አንተ ግን አይጥ በሌለበት መድኃኒት ትሸጣለህ።»

ሦስት የገበያ ቀን አስተማረው። ዓይንህ የሚያየውን ሰው ያያል አለው፤ መደበቅ የምትፈልገውን እጅህን ራስህ አትየው። ሁሉን አታነጋግር፣ አንዱን ምረጥና ለእሱ ብቻ ንገረው፣ ሌላው ቆሞ ሰርቆ ይስማህ። ደግሞ ከነገሩ በፊት ዝም በል፣ እስኪከብዳቸው ዝም በል። ይህቺ ለከፋለ የተፈጠረች ነበረች። ዕድሜ ልኩን ያሳፈረው ዝምታ ለካ መሣሪያ ኖሯል። ሀሰን በመጨረሻው ቀን ዕቃውን እያሰረ እንዲህ አለው፦ «ሰው የማያውቀውን ብታሳየው ይገረማል። የደበቀውን ብታሳየው ግን እስኪሞት አይረሳህም።» ሀሰን ይህን ሲል በልቡ ክፉ የለም። ነገሩ በእኛ በላስታ ሰዎች ዘንድ ምን እንደሚሆን ሊያውቅ አይችልም፤ ሙስሊም ነው፣ የእሱም ጉዳይ አይደለም።

በአንድ ዓመት ውስጥ ከፋለ ሌላ ሰው ሆነ። በመስታወቱ ፊት የሚለማመደው እጁን ሳይሆን ፊቱን ሆነ። እንዴት ዝም እንደሚባል፣ ቅንድብ መቼ እንደሚነሣ፣ ድምፅ የት ላይ ዝቅ እንደሚል። ጸጉር የማይቆረጡ ሰዎች አግዳሚውን ሞሉት። ደባሱ ተሳፋሪ አቁሞ ያይ ጀመር። ትምህርት ቤት ለወላጆች ቀን ጠሩት፣ በማኅበር ቤት ጠሩት፣ «ምትሃተኛው ከፋለ» አሉት። ያኔ ደስተኛ ነበር። ይህን መናገር ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም አሁን ሲያዩት ማንም አያምንም። አንድ ቀን ለእናቱ «እምዬ፣ ሰው እኮ ያየኛል» አላቸው፣ ልክ ከበሽታ የተነሣ ሰው እንደሚናገረው።

ጥር ላይ የፍቅርአዲስ መልስ መጣ። ፍቅርአዲስ የጎረቤታቸው የአቶ ደሴ ልጅ ናት፣ የእትዬ ጽጌማርያም ደግሞ የክርስትና ልጅ። ከከፋለ ጋር በአንድ ግቢ እንዳደጉ ነው የሚቆጠረው። ኮን ከተማ አዳም የሚባል የወረዳ ሠራተኛ አግብታ፣ ሙሽሮቹ ለመልስ ሲመጡ ከፋለ ትርኢት እንዲያሳይ አቶ ደሴ ራሳቸው ለመኑት። እሱም እንደ እህቱ ለሚያያት ሙሽራ የሚሆን፣ ከዚህ በፊት ማንም ያላየው ነገር ፈለገ። የሀሰን የመጨረሻ ቃል ትዝ አለው።

በእኛ አገር ክርስቲያን ሁለት ስም አለው። አንዱ ገበያ የሚጠራበት፣ አንዱ በክርስትናው ዕለት ቄሱ የሚያወጡለት። ሁለተኛውን የሚያውቁት ወላጅ፣ የክርስትና እናት ወይም አባት፣ የንስሐ አባት ናቸው። ሌላው አይጠይቅም፣ ቢጠየቅም አይነገረውም። ክፉ አሳቢ የክርስትና ስምህን ከእናትህ ስም ጋር ካገኘ ይይዝሃል ይባላልና። አመንክበትም አላመንክበትም ስምህን ዝም ብለህ አትዘራም። ከፋለም ይህን ያውቃል፣ የቄስ ልጅ ሆኖ እንዴት አያውቅ? ግን ስሟን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። እትዬ ጽጌማርያም ጎህ ሲቀድ ሲጸልዩ የሚወዷቸውን ሁሉ በክርስትና ስማቸው ድምፅ አውጥተው እየጠሩ ነው፤ ከፋለ በስስ ግድግዳ ማዶ ተኝቶ ሃያ ዓመት ሰምቶታል። ለእሱ የቤት ስም ነው፣ ምስጢርነቱ ጠፍቶበታል። እንዲያውም ምስጢር መሆኑ ትርኢቱን ያሳምርልኛል ብሎ ነው ያሰበው። ስሕተቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ስሕተት የለበትም።

ብልሃቱ ቀላል ነው። በእርጥብ ሳሙና ጫፍ ክንድ ላይ ይጻፋል፤ ሲደርቅ አይታይም። ወረቀት አቃጥለህ አመዱን ስታሽበት አመዱ ሳሙናው ላይ ብቻ ይቀራል፣ ፊደሉም ጠቁሮ ይወጣል።

ዳሱ ሞልቷል። ከፋለ ሙሽራዋን በካባዋ እንዳለች ከወንበሯ አስነሣት። «ማንም የማያውቀው ስም አለሽ» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሰው ጉሮሮውን መጥረግ አቆመ። «አትንገሪኝ። በልብሽ ብቻ ጥሪው።» ባዶ ወረቀት አሳየ፣ በጧፍ ለኮሰው፣ አመዱን በሸክላ ላይ ሰበሰበ። እጅጌውን ሰቀለ፤ ክንዱን አዟዙሮ ንጹሕ መሆኑን አሳየ። ከዚያ ዝም አለ። እስኪከብዳቸው ዝም አለ። አመዱን ክንዱ ላይ አሸው።

ስሙ ወጣ፣ ከነእናቷ ስም። ስሙን እኔ እዚህ አልጽፈውም። አንባቢዎቼ የላስታ ሰዎች ባትሆኑም አልጽፈውም።

ጭብጨባ የጠበቀው ጆሮው ምንም አልሰማም። ከበሮው በመቺዋ ጭን ላይ እንዳለ ቀረ። ፍቅርአዲስ እጇን ወደ አንገቷ ሰደደችና ማተቧን ጨብጣ ያዘች፣ ከፋለን ታየዋለች፣ ግን ከልጅነቱ እንደምታውቀው ሰው አይደለም። አንድ ሰው ከጀርባ «በስመ አብ» አለ። ከዚያ አቶ ደሴ ተነሡ፣ ወደ እሱ መጡ፣ እጅጌውን ወደ ታች መልሰው ቁልፉን ቆለፉለት። «ልጄ፣ እህል ቅመስና ሂድ» አሉት። ዱላ ቢያነሡበት ይሻለው ነበር።

ቤት ሲገቡ እትዬ ጽጌማርያም ነጠላቸውን ሳያወርዱ ቆመው ጠየቁት።

«ከማን ሰማኸው?»

«ካንቺ፣ እምዬ። ጠዋት ጠዋት ስትጸልዪ።»

ቁጭ አሉ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከግድግዳው ማዶ ድምፅ አልነበረም። ከፋለ ተነሥቶ በበሩ ስንጥቅ አየ፤ እናቱ ቆመው ይጸልያሉ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፃቸው ግን የለም። ቤቱ እንዲያ ጸጥ ብሎ አያውቅም። የእሱ ስም ገና እዚያ ውስጥ መኖሩን መጠየቅ ፈለገ፣ አፉ እንቢ አለው።

ፌስታል ይዞ የመጣው መጀመሪያ ደባሱ ነው። ጸጉሩን ተቆርጦ ሲነሣ ጎንበስ ብሎ ከወለሉ ላይ የራሱን ጸጉር በእጁ ሰብስቦ ፌስታሉ ውስጥ ከተተ። «እኔው እጥለዋለሁ፣ አንተ አትድከም» አለ፤ ዓይኑ ግን መስታወቱ ውስጥ ከፋለን አላየም። መተተኛ በሰው ጸጉርና ጥፍር ይሠራል ሲባል ማን ያልሰማ አለ? በሳምንቱ ሁሉም ፌስታል ይዞ መጣ። በወሩ መምጣትም ቀረ። እኔም ጸጉራቸውን በፌስታል ይዘው ከወጡት አንዱ ነኝ። አምኜበት አይደለም፤ ሰው ሁሉ ሲያደርገው ብቻዬን ጸጉሬን ጥዬ መውጣት ፈራሁ። ከፋለ ወለሉን ጠርጎ የሚያነሣው አጣ። ሥራ ሲፈታ ከመስታወቱ ጋር ፊት ለፊት መቀመጡ ከበደውና አንሶላ አለበሰው።

በጾሙ መካከል ከኮን ወሬ መጣ። ፍቅርአዲስ እህል እምቢ ብላለች። ዕቃ ስታጥብ፣ በር ስትዘጋ፣ ከቤቱ ጀርባ በክርስትና ስሟ የሚጠራት ድምፅ ይሰማታል። ለማያዩት ጠሪ «አቤት» አይባልም፤ ይህን እናቷ አስተምራታለች። ስለዚህ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትቆማለች፣ ጥሪው እስኪቆም። ቀኑን ሙሉ አፏን ይዛ የምትውልበት ቀን መጣ። አዳም ግራ ቢገባው ወደ ጸበል ወሰዳት። አጥማቂው በመስቀሉ ዳብሰው «ማነህ? ማን ላከህ?» ሲሉ ከእሷ አፍ የወጣው መልስ አውቶቡስ ሳይቀድመው ላሊበላ ደረሰ፦ «ከፋለ ነኝ።»

ሽማግሌዎች ወደ ጸጉር ቤቱ መጡ፤ ሦስት ናቸው፣ አዳምም አብሯቸው። ጨዋ ነበሩ፣ ማንም አልተቆጣም። የወሰድከውን መልስላት አሉት።

«ምንም አልወሰድኩም! ሳሙና ነው፣ አባቶቼ! በቅዱስ ላሊበላ፣ ሳሙና ነው! ቁጭ በሉ ላሳያችሁ።»

ሳሙናውን አወጣ፣ አርጥቦ ክንዱ ላይ የራሱን ስም ጻፈ። ሲጽፍ አይተዋል። እስኪደርቅ ጠበቀ። ወረቀት አቃጠለ። አመዱን ከማሸቱ በፊት ግን ቆም አለ፣ ቅንድቡ ተነሣ፣ ዓይኑ አዳምን መረጠ፣ ክፍሉም ጸጥ አለ። ያን ጊዜ ባነነ። እያስረዳ አልነበረም፣ እያሳየ ነበር። ሌላ አነጋገር ጠፍቶበታል። የድሮው ቃል የማይወጣው ከፋለ ቢሆን ኖሮ «ሳሙና ነው» ሲል ያምኑት ነበር፤ ይሄኛው ከፋለ «ፀሐይ ወጥታለች» ቢል እንኳ ሰው ወደ ሰማይ አንጋጦ ያጣራል። አመዱን አሸው፣ «ከፋለ» የሚለው ጠቁሮ ወጣ። አዳም ወደ በሩ ሸሸ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነሡና «የሰይጣን ሥራ በሳሙና ሲታጠብ እንጂ በሳሙና ሲጻፍ አላየሁም» ብለው ወጡ።

ከፋለ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ዘንድ ሄደ፤ ከቅኔ ማኅሌቱ ቀን ወዲህ ደጃቸውን ረግጦ አያውቅም። መሪጌታ አርጅተዋል። ሁሉን ሰሙት፣ ሳሙናውንም፣ የእናቱን ጸሎትም።

«አምንሃለሁ» አሉት።

ከፋለ እግራቸው ሥር ተንበረከከ። «ታዲያ ይንገሩልኝ፣ የኔታ! የእርስዎን ቃል ማን እምቢ ይላል?»

«ብነግርልህ መሪጌታንም ያዛቸው ነው የሚሉት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ልጄ። አንተ ስላንተ ስም ታስባለህ፣ ልጅቱ ግን እየከሳች ነው።»

«ምን ላድርግ?»

«እኔ እንዲህ አድርግ አልልህም። ያንተን ብልሃት አላውቀውም፣ ባውቀውም የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ። ሂድና ይቅርታ ጠይቃት። ሌላውን እዚያው ታየዋለህ።»

ጸበሉ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው። ከፋለ ገደሉን እየወረደ ነገሩን ሲያወጣና ሲያወርደው ሁለት መንገድ ብቻ አገኘ። አልወሰድኩም ካለ እሷ ታልቃለች። ከመለሰ ደግሞ ወስዶ ነበር ማለት ነው፤ ሕይወቱን ሙሉ መተተኛ ሆኖ ይኖራል፣ በራሱ አንደበት መስክሮ። ከጸበሉ በላይ ከጥድ ሥር ተቀምጦ አለቀሰ። ከዚያ ሳሙናውን ከኪሱ አወጣ።

ፍቅርአዲስ ሰሌን ላይ ተቀምጣለች። ጥር ላይ ካባ የሞላው ትከሻዋ የለም። አቶ ደሴና አዳም ከኋላዋ፣ ጸበልተኛው በዙሪያዋ። ከፋለን ስታየው አልጮኸችም።

«ከፋ» አለችው፣ «ለምን ትጠራኛለህ?»

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ ይሰማዋል። አልጠራሁሽም ሊል ነበር፣ ዋጠው። «ይቅር በይኝ» አለ። «ልመልስልሽ መጣሁ።»

እጅጌውን ሰቀለ። ነፋሱ ደረቅ ነበር፣ ከጥዱ ሥር በጥድፊያ ነው የጻፈው፣ ይይዛል ብሎ አላመነም። ግን ወረቀት አቃጥሎ አመዱን ሲያሸው ፊደሉ ከዳሱ ቀን ይልቅ ጠቁሮ ወጣ። እሱ ራሱ ደነገጠ። ክንዱን ወደ እሷ ብቻ አዞረ፣ ሌላው እንዳያይ በጋቢው ከልሎ። አንዱን ምረጥ፣ ለእሱ ብቻ ንገረው ተብሎ የተማረው ለዚህ የተማረው መሰለው።

«ያንቺ ነው። በጸበሉ አንቺው አውርጂው።»

ጣሳውን በሁለት እጇ ይዛ አፈሰሰችበት። ፊደሉ በክንዱ ላይ ተዘረጋ፣ ግራጫ ውኃ ሆኖ ወደ ክርኑ ሄደ፣ ከክርኑ ወደ አፈር። ሌላ ጣሳ አፈሰሰች። በጣቷ አሸችው። ክንዱ ነጣ።

«ሄደ?» አለች።

«ሄደ። ከእንግዲህ እኔ ዘንድ የለም።»

ከውሸቱ ሁሉ ትልቁ ይህ ነበር። ስሙ እስከ ዛሬ አፉ ውስጥ ተቀምጧል፤ ማሰብ በማይፈልግበት ሰዓት ሁሉ ይመጣበታል። መርሳት የሚባለውን ብልሃት ከስልኩ አላገኘውም።

ፍቅርአዲስ ያን ቀን ዳቦ በላች። ለዳግማይ ትንሣኤ ኮን ተመለሰች፣ ዛሬ ደህና ናት። ከፋለ በሕይወቱ ያሳየው ምርጥ ትርኢት ያ ነው፣ ማንም አላጨበጨበለትም። አዳም ጉልበቱን ሳመው፣ አብሮት ግን አልበላም። አቶ ደሴ «እግዚአብሔር ይስጥህ» ብለው ዞር አሉ። ከዚያ ወዲህ ከሩቅ አገር ሰዎች በወረቀት ስም ጽፈው ወደ ጸጉር ቤቱ ይመጣሉ፤ ይሄን ያዝልኝ፣ ይሄን ፍታልኝ እያሉ። ወረቀቱን ሳያነብ ይመልሳል። ካርታውን፣ ገመዱን፣ ቀለበቱን አቃጥሏል። ጣቶቹ ግን ሳያስባቸው ሳንቲም ያለ ይመስል ይንቀሳቀሳሉ፣ ስለዚህ ሰው ካለ እጆቹን ጭኖቹ ሥር አድርጎ ይቀመጣል።

በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ላይ እየሩስ ወንድ ልጅ ወለደች። ከፋለ ሲሰማ መንገድ ላይ ቆሞ ጮኸ፤ ድፍን ዓመት ድምፁን ያልሰማው ጎረቤት ወጥቶ አየው። ለክርስትናው ዕለት ከእናቱ ጋር ፍላቂት ገባ። ሕፃኑን ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን በጋቢው ሸፍኖ የተሸከመው እሱ ነው፤ እየሩስ ራሷ በእጁ ሰጥታው፣ «አጎቱ ይያዘው» ብላ። በዝናቡ ጭቃ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አላዳለጠውም። ይህን ሁሉ ዓመት የተጠበቀ ልጅ ነዋ። ሕፃኑ ተኝቶ በአፉ አረፋ ይሠራል፣ ከፋለም እያየው ይስቃል።

ወደ ክርስትና ቤቱ ሲገቡ ሕፃኑን ለክርስትና አባቱ ሰጠ። ጸሎቱ ተደረሰ፣ ውኃው ተባረከ። ስሙ የሚወጣበት ላይ ሲደርሱ ቄሱ ቆም አሉ። መጽሐፉን አላዩም፣ ማንንም አላዩም። የክርስትና አባቱ ወለሉን ያያል። እየሩስ የሕፃኑን ፎጣ ታጥፋለች፣ መልሳ ትዘረጋለች። ሕፃኑ ብቻ ነበር ድምፅ ያለው።

እትዬ ጽጌማርያም ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«ከፋ፣ ልጄ፣ ደጅ እንግዶች ቆመው ይሆናል። እስቲ ወጥተህ እያቸው።»

«እሺ፣ እምዬ» አለ።

ወጣ፣ በሩንም ከኋላው ዘጋ። ደጅ ዝናብ ብቻ ነው፤ ግቢው ውስጥ ሰው የለም። ከግንቡ ተጠግቶ ቆመ፣ ሁለት ጆሮውን በመዳፉ ደፈነ፣ ድንገት ቢሰማ ብሎ። ሕፃኑ በውኃው ሲያለቅስ በመዳፉ ውስጥ አልፎ ሰማው፣ ከዚያ እልልታውን።

ሲገባ እናቱ «እንግዳ ነበር?» አሉት።

«ነበሩ። ሄዱ» አላቸው።

ልጁ ዘንድሮ ሁለት ዓመቱ ነው፣ አጎቱን ሲያይ ሮጦ እግሩ ላይ ይጠመጠማል። ከፋለ የክርስትና ስሙን እስከ ዛሬ አያውቀውም፣ ጠይቆም አያውቅም። የፍላቂት ሰው ግን ያውቀዋል ነው የሚለው።